ስዊቹ የሚያስታውሰውና የሚረሳው

ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ በምሠራበት ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ ከሰርቨሩ ጋር ተቆራረጡ፡፡ መብራት አለ፣ ኮምፒውተሮቹ ይሠራሉ፣ ኬብሉም እንደተሰካ ነው፡፡ ነገር ግን ሰርቨሩ ላይ ያለ አንድም ፋይል አይከፈትም፡፡ ዕለቱ ለእኔ ተራ ሰኞ አልነበረም፡፡ አንድ ደንበኛችን በተፈረደበት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚያቀርብበት የ60 ቀን ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ነበር፡፡ የይግባኙ ማመልከቻ የመጨረሻ ቅጂ ደግሞ ያለው በዚያው ሰርቨር ውስጥ ነው፡፡ «ለምን እስከ መጨረሻው ቀን ቆያችሁ?» የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው፤ ጠበቃ የሆነ አንባቢ ግን አይጠይቀኝም፡፡

ምክንያቱ ሲመረመር የተገኘው ነገር እጅግ ቀላል ነበር፡፡ ኔትዎርካችንን በኮንትራት የሚያየው ባለሙያ ሐሙስ ዕለት አዲሱን ሰርቨር ሲያስገባ የሁለተኛውን ፎቅ ፖርቶች ወደ ሌላ ምድብ አዛወራቸው፡፡ ሁሉም ነገር ሠራ፤ እርሱም ቡናውን ጠጥቶ ሄደ፡፡ ቅዳሜ ሌሊት መብራት ጠፋ፡፡ ዩፒኤሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አልታገሠም፡፡ መብራቱ ሲመለስ ስዊቹ የተነሣው የሐሙሱን ለውጥ ፈጽሞ ረስቶ ነው፡፡ ባለሙያው «ያደረግሁትን ለውጥ አስቀምጥ» የምትለውን አንዲት ትእዛዝ ሳይጽፍ ነበር የሄደው፡፡

በዕለቱ ሰውየው ለሌላ ሥራ አዳማ ነበር፡፡ እርሱ በስልክ እየነገረ፣ ጸሐፊያችን ከስዊቹ ጋር በኬብል በተያያዘ ላፕቶፕ ላይ እየጻፈች፣ ለውጡ ከትዝታው እየተለቀመ አንድ በአንድ ተመለሰ፡፡ ማመልከቻችን ሬጅስትራር የደረሰው መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ፣ ከደረጃ ሥር ባለች ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ዞር ብዬ ያላየኋትን ይህችን ሣጥን መጠየቅና ስለ እርሷ ማንበብ ያዝኩ፡፡ የሚከተለው ጽሑፍ ለኔትዎርክ ባለሙያ የተዘጋጀ አይደለም፡፡ የሚጠቅመው ባለሙያውን ቀጥሮ ለሚያሠራና ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ለማያውቅ ሰው ነው፡፡

የቃል ውልና የጽሑፍ ውል

ስዊች በአንድ ቢሮ ያሉትን ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮችና ሰርቨሮች በኬብል የሚያገናኝ ሣጥን ነው፡፡ በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው ባለ 5 እና ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ ምንም የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለው እዚህ አያሳስበንም፡፡ በመሥሪያ ቤት፣ በባንክ፣ በሆስፒታል የሚገኘው ግን የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ኮምፒውተር ነው፡፡ የጎደለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው፡፡

ይህ ዓይነቱ ስዊች የሚመራበት የትእዛዝ ስብስብ ኮንፊገሬሽን ይባላል፡፡ የትኛው ፖርት በየትኛው ምድብ እንዳለ፣ ማን ገብቶ መለወጥ እንደሚችል፣ የይለፍ ቃሉ ምን እንደሆነ የሚወስነው እርሱ ነው፡፡ ኮንፊገሬሽኑ ሁለት ሆኖ ይኖራል፡፡ አንደኛው አሁን በሥራ ላይ ያለው ሲሆን የሚቀመጠው መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ሜሞሪ ማለትም በራም ላይ ነው፡፡ ሁለተኛው ስዊቹ ሲነሣ አንብቦ የሚጀምርበት ሲሆን የሚቀመጠው መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ማከማቻ ነው፡፡ ሲስኮ የመጀመሪያውን «ረኒንግ ኮንፊግ»፣ ሁለተኛውን «ስታርታፕ ኮንፊግ» ይላቸዋል፡፡ ሁዋዌ ዘንድም ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፡፡

ሕግ ለተማረ ሰው ልዩነቱ አዲስ አይደለም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ይደነግጋል፡፡ ሻጭና ገዥ ተስማምተው፣ ተጨባብጠው፣ ገዥው ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሊኖርም ይችላል፡፡ ክርክር የተነሣ ዕለት ግን በእጁ ምንም የለም፡፡ በስዊች ላይ የሚደረግ ለውጥም ትእዛዙ እንደተጻፈ ወዲያውኑ ይሠራል፡፡ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ከተቀመጠው ለውጥ በምንም አይለይም፡፡ ጽሑፍ የሚሆነው በሲስኮ «ኮፒ ረኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ»፣ በሁዋዌ «ሴቭ» ከተባለ በኋላ ነው፡፡

መርሳቱ ግን ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ይህን የነገረኝ ያው የአዳማው ሰው ነው፡፡ ከሩቅ ሆኖ አስጊ ለውጥ የሚያደርግ ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ «ሪሎድ ኢን 10» ብሎ ይጽፋል፡፡ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራስህን አጥፍተህ ተነሣ ማለቱ ነው፡፡ ከዚያ ለውጡን ሳያስቀምጥ ይሠራዋል፡፡ ተሳስቶ ራሱን በር ላይ ቢቆልፍ ስዊቹ በ10 ደቂቃው ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሳል፤ ባለሙያውም ሌሊት መኪና አስነሥቶ መምጣት አያስፈልገውም፡፡ ለውጡ ከሠራ ደግሞ «ሪሎድ ካንስል» ብሎ ቀጠሮውን ይሰርዝና ያስቀምጣል፡፡

ፍላሹ ውስጥ ምን አለ?

መብራት የማይነካው ዋናው ማከማቻ ፍላሽ ይባላል፡፡ በኪሳችን ከምንይዘው ፍላሽ ዲስክ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው፡፡ መጠኑ ግን ያስገርማል፡፡ በብዙ ቢሮዎች ዛሬም የሚታየው የመጀመሪያው የሲስኮ ካታሊስት 2960 ያለው ፍላሽ 32 ሜጋባይት ነው፡፡ ከእርሱ የቀደመው 2950 ደግሞ 8 ሜጋባይት ብቻ ነበረው፤ በስልክ ከምናነሣቸው አንዳንድ ፎቶግራፎች ያነሰ ማለት ነው፡፡ የኋላኛው 2960-ኤክስ 128 ሜጋባይት አለው፡፡ አዳዲሶቹ እንደ ካታሊስት 9300 ያሉት በጊጋባይት ይቆጥራሉ፤ ተጨማሪ ዲስክም ይቀበላሉ፡፡

በውስጡ የሚገኙት ፋይሎች ጥቂት ናቸው፡፡ ትልቁ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፡፡ በካታሊስት 2960 ዓይነቶቹ ላይ ስታርታፕ ኮንፊጉም ራሱ እዚያው «ኮንፊግ ዶት ቴክስት» በሚል ስም ይቀመጣል፡፡ ስዊቹ በሕመም ሲወድቅ የሚተወው የኑዛዜ ፋይልም አልፎ አልፎ ይገኛል፡፡ «ዲር» ብሎ መጻፍ ሁሉንም ከነመጠናቸው ይዘረዝራል፤ «ሾው ፋይል ሲስተምስ» ደግሞ ስንት ማከማቻ እንዳለ፣ በእያንዳንዱም ስንት ነፃ ቦታ እንደቀረ ያሳያል፡፡

ከእነዚህ መካከል ብዙ ባለሙያ የሚዘነጋት አንዲት ትንሽ ፋይል አለች፡፡ በሲስኮ «ቪላን ዶት ዳት» ትባላለች፡፡ አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊች የሚከፋፍሉት ምድቦች ቪላን ይባላሉ፤ የምድቦቹ መዝገብ በተለመደው አሠራር የሚቀመጠው ከኮንፊገሬሽኑ ተለይቶ በዚህች ፋይል ነው፡፡ ስለዚህ ኮንፊገሬሽኑን ብቻ ቀድቶ «ባክአፕ አለኝ» የሚል ሰው ስዊቹ ተቃጥሎ አዲስ ሲገዛ ፖርቶቹ ሁሉ ወደሌሉ ምድቦች ሲጠቁሙ ያያል፡፡ በተቃራኒውም ስታርታፕ ኮንፊጉን አጥፍቶ «አጸዳሁት» ያለው ስዊች ከድርጅቱ የምድብ ስሞች ጋር ለሌላ ሰው ይሸጣል፡፡ «ፋይናንስ»፣ «ካሜራ»፣ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ተብለው የተሰየሙ ምድቦች ለሚያነብ ሰው ብዙ ይናገራሉ፡፡

ቦታው ጠባብ መሆኑ ዋናውን አደጋ ይፈጥራል፡፡ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጫን በቂ ቦታ ሲጠፋ ባለሙያው አሮጌውን ፋይል አጥፍቶ አዲሱን ይቀዳል፡፡ በመካከል መብራት ቢጠፋ ስዊቹ ሲነሣ የሚጀምርበት ሥርዓት የለውም፡፡ የቀረው መንገድ በኮንሶል ኬብል መጫን ነው፡፡ የኮንሶሉ የተለመደ ፍጥነት በሰከንድ 9,600 ቢት ነው፡፡ 10 ሜጋባይት ፋይል በዚህ ፍጥነት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ፍጥነቱን ወደ 115,200 ከፍ ማድረግ የሚያውቅ ባለሙያ ግን በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል፡፡ ልዩነቱ አንዲት ትእዛዝ ናት፤ ቢሮው ግን ግማሽ ቀን ያገኛል ወይም ያጣል፡፡

ፋይሉ መቀዳቱ ብቻውን አይበቃም፡፡ ሙሉ ሆኖ መድረሱ መረጋገጥ አለበት፡፡ አምራቾቹ ለእያንዳንዱ ፋይል የጣት አሻራ የሚመስል ረጅም ቁጥር ያወጣሉ፤ «ቬሪፋይ» የሚለው ትእዛዝ የተቀዳውን አሻራ አስልቶ ያሳያል፡፡ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ስዊቹን አጥፍቶ ማስነሣት ራስን በገዛ እጅ መጉዳት ነው፡፡ ቀጥሎም ስዊቹ በሚቀጥለው ጊዜ ከየትኛው ፋይል እንደሚነሣ ሊነገረው ይገባል፡፡ በሁዋዌ ስዊች «ዲስፕሌይ ስታርታፕ» የአሁኑንና የሚቀጥለውን ጎን ለጎን ያሳያል፡፡ ብዙ ስዊቾች ተደራርበው እንደ አንድ ሲሠሩም እያንዳንዱ የራሱ ፍላሽ አለው፡፡ በአንደኛው ላይ የተጫነ ፋይል በሌሎቹ ላይ አለ ብሎ መገመት አይቻልም፡፡

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ መልካም ዜና አለ፡፡ በነባሮቹ የካታሊስት ስዊቾች ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲነሣ ሙሉ በሙሉ ወደ ራም ይገለበጣል፡፡ በመሆኑም አንድ ሰው በስሕተት ፍላሹን «ፎርማት» ቢያደርገው እንኳ ስዊቹ ሥራውን አያቋርጥም፡፡ አደጋው ያለው ደንግጦ ማጥፋትና ማስነሣት ላይ ነው፡፡ ሳይጠፋ ፋይሉን መልሶ መቅዳት፣ ረኒንግ ኮንፊጉንም እንደገና ማስቀመጥ ነገሩን ያለ አንዳች ወሬ ይዘጋዋል፡፡ አዳዲሶቹ ሞዴሎች ሥርዓቱን ከፍላሹ እያነበቡ ስለሚሠሩ ግን ይህ ምሕረት ለእነርሱ አይሠራም፡፡

የተሰረዘ ሁሉ አይጠፋም

በሁዋዌ ስዊቾች ላይ «ዲሊት» የተባለ ፋይል የሚሄደው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ነው፡፡ በተራ «ዲር» አይታይም፤ «ዲር» ከ«ኦል» ጋር ሲጻፍ ግን በቅንፍ ታጥሮ ብቅ ይላል፤ «አንዲሊት» የሚለው ትእዛዝም ይመልሰዋል፡፡ ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል፡፡ አንደኛ፣ ፋይል አጥፍቼ ቦታ አስለቅቄአለሁ ያለው ባለሙያ ቦታው እንዳልተለቀቀ ያያል፤ ቅርጫቱ በ«ሪሴት ሪሳይክል ቢን» መራገፍ አለበት፤ ወይም ሲያጠፋ «አንሪዘርቭድ» የሚለውን መጨመር ነበረበት፡፡ ሁለተኛው ለሕግ ሰው የሚበልጠው ነው፡፡ ከሦስት ዓመት በፊት ተሰርዟል የተባለው ኮንፊገሬሽን ከነይለፍ ቃሉ እዚያው ተኝቶ ሊሆን ይችላል፡፡

ቅርጫት በሌላቸው ስዊቾችም ቢሆን መሰረዝ ማለት ብዙውን ጊዜ ማውጫውን መፋቅ እንጂ መጽሐፉን ማቃጠል አይደለም፡፡ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት 800-88 በሚባለው መመሪያው ማጽዳትን በሦስት ደረጃ የሚከፍለው ለዚህ ነው፤ መጥረግ፣ ጠልቆ ማንጻትና ማውደም፡፡ ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ 18 ያገለገሉ ራውተሮችን ከገበያ ገዝቶ መርምሮ ነበር፡፡ ሊመረመሩ ከቻሉት 16 መካከል 9ኙ የቀድሞ ባለቤታቸውን ሙሉ ኮንፊገሬሽን እንደያዙ ነበር የተሸጡት፡፡ ራውተር የስዊች ታላቅ ወንድም ነው፤ ፍላሻቸው አንድ ዓይነት ነው፡፡

በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ ያለው የይለፍ ቃል «ተመስጥሯል» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥምዎ የትኛው ዓይነት ምስጢር እንደሆነ ይጠይቁት፡፡ ሲስኮ ቁጥር 7 ብሎ የሚጠራው ዓይነት ከዓይን ለመሰወር ብቻ የተሠራ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በቅጽበት ይፈታዋል፡፡ ከገቢ ማሰባሰቢያ ሐራጅ ላይ በርካሽ የገዛ ሰው የእርስዎን ቁልፍ በእጁ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው፤ ያው ቁልፍ ደግሞ በአዲሶቹ ስዊቾች ላይም አልተለወጠ ይሆናል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ደኅንነቱን የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል፡፡ በስዊቹ ውስጥ የሰው ስም ላይኖር ይችላል፤ የሰው ስም ያለበትን ክፍል በር የሚከፍተው ግን እርሱ ነው፡፡

የካቲት 22 ቀን 1985

የብዙ ሲስኮ ስዊቾችን የፋይል ዝርዝር ያየ ሰው አንድ ቀን ተደጋግሞ ያገኛል፡፡ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1993 ነው፤ በእኛ የካቲት 22 ቀን 1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው፡፡ ብዙዎቹ ስዊቾች መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም፡፡ ሲነሡ ትክክለኛውን ሰዓት የሚነግራቸው ካላገኙ ከዚያ ቀን ጀምረው መቁጠር ይይዛሉ፡፡ ትናንት የተለወጠ ኮንፊገሬሽን ሞዴሉ ሳይሠራ በፊት የተጻፈ መስሎ ይታያል፡፡

ለባለሙያው ይህ ቀልድ ነው፡፡ ለእኔ ግን አይደለም፡፡ አንድ ሠራተኛ ከተሰናበተ በኋላ ኔትዎርኩ ተነካክቷል ተብሎ ክስ ቢቀርብ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነው፡፡ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ በፍርድ ቤት እንዲቀርብ ቢፈቅድም ትክክለኛነቱ መረጋገጡ አይቀርም፡፡ የየካቲት 1985 ቀን የያዘ ፋይል ይዞ የሚቀርብ ዐቃቤ ሕግ ከመስቀለኛ ጥያቄ በሰላም አይወጣም፡፡ ከዚህ የባሰው ደግሞ ስዊቹ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን የሚመዘግብበት ዝርዝር በአብዛኛው የሚቀመጠው በዚያው በሚረሳው ራም ላይ መሆኑ ነው፡፡ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፡፡ ስዊቹ ሰዓቱን ከሰዓት ሰርቨር እንዲወስድ ማድረግና መዝገቡን በየጊዜው ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲልክ ማዘዝ ነው፡፡ ሁለቱም ብዙ ወጪ አይጠይቁም፡፡

ቅጂው በማን እጅ ነው?

የኮንፊገሬሽን ፋይል ጥቂት ገጽ ጽሑፍ ነው፡፡ ከስዊቹ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው፤ ዩኤስቢ ቀዳዳ ባላቸው ላይ በፍላሽ ዲስክ፣ አለበለዚያም በኔትዎርክ፡፡ የተለመደው ቲኤፍቲፒ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጸ ስልት ነው፡፡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የሚያስተላልፈውንም አይመሰጥርም፡፡ ኤስሲፒ ወይም ኤስኤፍቲፒ የሚባሉት ሁለቱንም ያደርጋሉ፡፡

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ታይቷል፡፡ ሲስኮ አዳዲስ ስዊቾችን ያለ ባለሙያ ለመትከል ያዘጋጀው ስማርት ኢንስቶል የሚባል አገልግሎት ነበር፤ የሚያዘውን ሰው ማንነት አይጠይቅም፡፡ በዚህ በር የገቡ ሰዎች በኢራንና በሩሲያ የብዙ ስዊቾችን ኮንፊገሬሽን አጥፍተው በቦታው የአሜሪካን ባንዲራ ሥዕልና በምርጫችን ጣልቃ አትግቡ የሚል መልእክት ትተው ሄዱ፡፡ የኢራን መንግሥት በአገሩ 3,500 ያህል መሣሪያዎች መጎዳታቸውን ገልጿል፡፡ ስዊቾቹ አልተሰበሩም፤ የጠፋው ፋይል ነው፡፡ እንዲህ ባለው ጥቃት የኮንፊገሬሽን ቅጂ ያለው ባለሙያ መልሶ ይጭነዋል፤ የሌለው እያንዳንዱን ፖርት እንደ አዲስ ያዋቅራል፡፡ ታሪኩም እዚያ አላበቃም፡፡ የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በዚያው የ2018ቱ ቀዳዳ የሩሲያ የስለላ ሰዎች ከሺሕ በሚቆጠሩ መሣሪያዎች የኮንፊገሬሽን ፋይሎችን እየሰበሰቡ መሆኑን አስታውቋል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ፋይሉን ያጠፉ ነበር፤ የኋለኞቹ ቀድተው ዝም ይላሉ፡፡ አገልግሎቱ በስዊችዎ ላይ የማያስፈልግ ከሆነ እንዲዘጋ ማዘዝ የአንድ መስመር ሥራ ነው፡፡

ወደ እኛ ጽሕፈት ቤት ስመለስ፣ ያን ሰኞ ያስደነገጠኝ የመብራቱ መጥፋት ብቻ አልነበረም፡፡ የኔትዎርካችን ብቸኛ ቅጂ አዳማ ያለ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ነው፡፡ ቅን ሰው ባይሆን ኖሮ? ክፍያ ላይ ባንስማማስ? የጥገና ውላችንን አውጥቼ ብመለከተው ስለ ፋይል አንዲት ቃል የለበትም፤ ያረቀቅሁት ደግሞ እኔው ነኝ፡፡ ውሉ ሲታደስ የኮንፊገሬሽኑና የምድብ መዝገቡ ንብረትነት የአሠሪው እንደሆነ፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የሁለቱም ቅጂ ቀኑ ተጽፎበት በሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚረከብ፣ ስዊች ከአገልግሎት ሲወጣ ባለሙያው አጽድቶ በፊርማው እንደሚያረጋግጥ፣ ውሉ ሲቋረጥ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ እንደሚለወጡ አስገባሁ፡፡ የመጨረሻው ክፍያም ከዚህ ርክክብ በኋላ እንዲሆን ተስማማን፡፡

ሰውየው ሳያንገራግር ፈረመ፡፡ ዛሬም የሚያገለግለን እርሱ ነው፡፡ ቅጂዎቹን በፍላሽ ዲስክ አድርጎ በፖስታ ያመጣቸዋል፤ ከማኅተሙ ጋር ካዝና ውስጥ እንቆልፋቸዋለን፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ አንዱን ቅጂ በመለዋወጫ ስዊች ላይ ጭኖ ያስነሣልናል፤ ባለፈው ጊዜ ከሦስቱ አንደኛው አልከፈት ብሎ እንደገና ተቀድቷል፡፡